ከስንቁ ጋር የሚቋጠር ምክር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያላችሁ፣ ከዚያም ወጥታችሁ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ኑሮ የመሠረታችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ስለሚገቡ ልጆች ነው። ወሬያችን ግን በአብዛኛው ከታላላቆቻቸው ጋር ነው። ቤት ውስጥ ጋሼ ከሚባለው፣ እትዬ ከምትባለው ጋር።

ለምን ከታላላቆች ጋር? በገጠሩ አካባቢያችን ብዙ አባትና እናት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ደጃፍ አልረገጡም። ልጃቸውን ሲሸኙ ምርቃትና ስንቅ ይሰጡታል፤ ሁለቱም ውለታቸው ትልቅ ነው። ከተማ ገብቶ ቤት መከራየት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ተቀብሎ መግፋት፣ ከሰኞ እስከ አርብ ያለ ተቆጪ መዋልና ማደር ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ግን ቀድሞ ያለፈበት ወንድም ወይም እህት ነው። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ “ጎበዝ ሁን፣ አጥና፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ” ብሎ ያሰናብታል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ልጁ ግን እንዴት እንደሚያጠና፣ እንዴት እንደሚርቅ አልተነገረውም። የዛሬው ፍሬ ነገራችን ይኸው ነው፦ ለታናሽ የሚበጀው ምክር አደራረጉን የሚያሳይ ምክር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በቅድሚያ 9ኛ ክፍል ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ታናሻችሁ የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና አልፎ መጥቷል። ከእንግዲህ የሚጠብቀው ብሔራዊ ፈተና 12ኛ ክፍል ላይ ነው፤ በመካከሉ ሌላ የለም። በብዙዎቻችሁ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ብዙዎችን መንገድ ላይ ያስቀረ ፈተና ስለሆነ የሚናፍቀው ያለ አይመስለንም። አንድ ነገር ግን ያደርግ ነበር፦ የላላውን ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ያነቃው ነበር። ዛሬ 9ኛንና 10ኛን በቸልታ ያሳለፈ ልጅ ማንም ሳያስደነግጠው 12ኛ ይደርሳል።

የ12ኛው ፈተና ደግሞ ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይወጣም፤ ከ9ኛ ጀምሮ የተማሩት ሁሉ ይጠየቃል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። እንግዲህ ልጁ ወደየትኛውም ቢያዘነብል እንግሊዝኛና ሒሳብ አይለቁትም።

ውጤቱንም በየዓመቱ በዜና ሰምታችኋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ጥቅምት ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ ኩረጃ እንደ ድሮው መተማመኛ መሆኑ ቀርቷል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ለልጁ ስትነግሩት አታስፈራሩት። አንድ ነገር ጨምራችሁ ንገሩት፦ አንተ ለፈተናው ገና አራት ዓመት በእጅህ አለ በሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ኑሮው እንግባ፤ በእኛ አገር የ9ኛ ክፍል ትምህርት የሚጀምረው ከቤት ኪራይ ነውና። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዛት የሚገኘው በወረዳ ከተሞች ነው፦ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በወገሬ፣ በዘመሮ፣ በራቤል፣ በዓለም ከተማ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ልጅ በየቀኑ ተመላልሶ አይችለውም። ስለዚህ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በደባልነት ክፍል ይከራያል። አርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል። ዕድሜው 14 ወይም 15 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ቤት አስተዳዳሪ ሆኗል።

ታላቅ ከሆናችሁ ክፍሉን ሳታዩ አትከራዩ። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አይራቅ፤ በሩ ከውስጥም ከውጭም ይቆለፍ፤ መጸዳጃ ቤት ይኑረው፤ ልጁ የሚጽፍበት ብርሃን ይኑረው። አከራዩን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። “አደራ” ማለት ያባት ነው፤ በዚያ ላይ የስልክ ቁጥር ተለዋወጡ፤ ልጁ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ቢቀር እንዲደውሉላችሁ ተስማሙ።

ቀጥሎ የምንናገረውን እባካችሁ ልብ ብላችሁ ስሙ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የመንዝ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ልጆች ምድጃ ላይ የቀረውን ፍም ወይም ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ሞቅ ሲላቸው ይተኛሉ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዝ ይወጣዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ለታናሻችሁ ቁርጥ ያለ ሕግ ስጡት፦ የነደደ ከሰል ካለበት ክፍል አይተኛም፤ ከመተኛት በፊት ከሰሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ለብርዱ የሚሻለው የበግ ጠጉር ባና ነው። አገራችን ለበግና ለባና መች ታማ? እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ባና ይኑረው። ሦስት ልጆች በአንድ ልብስ ሲጠቀለሉ ቅማል ይራባል፤ ቅማል ደግሞ ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ያመጣል። ቅዳሜ ልብሱን በፈላ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት የሳምንቱ ግዴታ ይሁን።

ስንቁንም በቀን ከፍሎ መብላትን አስተምሩት። ልጅ ነውና እሑድ ማታና ሰኞ ከደባሎቹ ጋር ተሻምቶ ይጨርሰዋል፤ ሐሙስ በባዶ ሆድ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እንጀራ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይሻግታል። ስለዚህ እስከ ረቡዕ እንጀራውን፣ ከረቡዕ በኋላ ድርቆሹን፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን እንዲበላ ለይታችሁ ቋጥሩለት። ሽሮ መሥራትን ከመሄዱ በፊት ቤት ውስጥ አለማምዱት፤ ወንድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ውኃውን አፍልቶ ይጠጣ።

መንገዱም አደጋ አለው። ትምህርት በመስከረም ሲጀመር ወንዞቻችን ገና አልጎደሉም። ሞፈር ውኃን፣ ወንጭትን፣ ጀማንና ገባሮቻቸውን የሚሻገር ልጅ ብቻውን አይግባ። ውኃው ከጉልበት ካለፈ ይመለስ፤ አንድ ሰኞ ቢቀርበት ይሻላል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ የመምህሩን ቁጣ ፈርቶ ይገባበታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። ቦታው መንዝ፣ ጊዜው ቅዳሜ ማታ ነው። ታላቅ እህትና ታናሽ ወንድም ከእራት በኋላ ተቀምጠዋል።

እህት፦ ና እስቲ፣ ያን መጽሐፍ አምጣው።

ወንድም፦ የቱን እትዬ?

እህት፦ የባዮሎጂውን። በዚህ ሳምንት ያነበብከው የቱ ጋ ነው?

ወንድም፦ ይኸው፣ እዚህ ጋ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ!

እህት፦ ጎሽ! በል ክደነው።

ወንድም፦ ልክደነው?

እህት፦ አዎ። ክደነውና የያዝከውን ንገረኝ። በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም።

ወንድም፦ እሺ... ሴል ማለት... ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ... እ... ምን ነበር? ሳነበው እኮ ገብቶኝ ነበር!

እህት፦ ሲያነቡትማ ለማን ያልገባው አለ? አሁን የጠፋህን አወቅክ አይደል? ግለጠውና እሱን ብቻ እይ። ከዚያ መልሰህ ክደን።

ወንድም፦ እስከ መቼ?

እህት፦ ሳታይ እስክትነግረኝ። ረቡዕ ማታ ደግሞ ለደባሎችህ ትነግራቸዋለህ። አርብ ስትመጣ ለእኔ ትደግመዋለህ።

ወንድም፦ አንቺ ባዮሎጂ ታውቂያለሽ እንዴ?

እህት፦ እኔ የቀረሁት ከ8ኛ ነው። መጽሐፉን ይዤ “ይቺ ቀረችህ” ማለት ግን አያቅተኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ እህትየዋ ያደረገችውን አስተዋላችሁ? ብዙ ልጆች ጥናት ማለት ደጋግሞ ማንበብ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በአሜሪካ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቧቸው። ከፊሎቹ መልሰው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ መልሰው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ መልሰው ያነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ። ልጁ “ሳነበው ገብቶኝ ነበር” የሚለው ለዚህ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ገብቶት ነበር።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቀን ንባብ፣ ማታ የቃል ትምህርት ነው። የኔታ ወይም ቀደም ያለው ተማሪ በጨለማ ያስቀጽላል፤ ታናሹ መጽሐፍ ሳያይ ይቀበላል፤ የያዘውንም በሌላ ቀን ይጠየቃል። ያለ መጽሐፍ፣ በቃል፣ ቀን እየለዩ መጠየቅ አባቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ሳይንስና ሒሳብ በቃል ከመያዝ አልፎ ለምን እንደሆነ ማብራራትን ይጠይቃል። ስለዚህ ልጁ ከነገራችሁ በኋላ “ለምን?” በሉት።

የሚቀጥለው እንቅፋት ቋንቋው ነው። በ9ኛ ክፍል ከአማርኛ በስተቀር መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው። በቀበሌ ትምህርት ቤት ጎበዝ የነበረ ልጅ እዚህ ድንገት ይደነዝዛል፤ ነገሩ ሳይሆን ቋንቋው ነው የያዘው። ሁለት ነገር አድርጉለት። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ትንሽ ደብተር ይኑረው፤ በየቀኑ ያልገባውን አምስት ቃል ከነትርጉሙ ይጻፍበት። አምስት ጥቂት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ሰፊ መዝገብ ይወጣዋል። ሁለተኛ፣ የፈተና ጥያቄ የሚጀምርባቸውን ቃላት ቀድሞ ይወቅ። ዲፋይን ሲል ትርጉሙን ስጥ፣ ሊስት ሲል ዘርዝር፣ ኮምፔር ሲል አነጻጽር፣ ኤክስፕሌይን ሲል አብራራ፣ ካልኩሌት ሲል አስላ ማለቱ ነው። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ምን እንዳዘዘው ሳይገባው የሚወድቅ ልጅ ብዙ ነው።

በሒሳብ ደግሞ የ7ኛንና የ8ኛን መጽሐፍ ይዞ ይሂድ። ክፍልፋይን፣ አሉታዊ ቁጥርንና ቀላል እኩልታን ያልጨበጠ ልጅ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ መምህሩ የሚናገረው አይገባውም፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪም አብረው ይወድቃሉ። የመስከረምን ወር ወደ ኋላ ተመልሶ እነዚህን ሦስቱን ቢሠራ ጊዜ አባከነ አይባልም። መጽሐፍ ካልደረሰው፣ ትምህርት ሚኒስቴር አዲሶቹን መጻሕፍት በኢንተርኔት ስለለቀቃቸው ከተማ ያላችሁ ታላላቆች አውርዳችሁ በስልክ ላኩለት፤ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ አሳትሙለት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስልክ ካነሳን አይቀር፣ ስለ ጊዜ እንነጋገር። ስልክ ይጠቅማል፤ መጽሐፍ ይዟል፣ ከቤት ያገናኛል፣ ገንዘብ ይቀበላል። የዚያኑ ያህል ማታውን ሁሉ ይበላል። “አትነካው” ማለት ደግሞ ማንም የማይጠብቀው ትእዛዝ ነው። መፍትሔውን ከጓሳ እንማር። የጓሳ ሜዳ በመንዝ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የኖረው አባቶች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፈትበትን ጊዜ በጋራ ይወስኑ፣ ደንቡን የሚያስከብር አለቃም ይሾሙ ነበር። ሜዳው ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ መኖሪያ፣ ለሕዝቡም የሣር ምንጭ ሆኖ የቆየው ሁሉም ስለተስማማበትና የተሾመ ጠባቂ ስለነበረው ነው። የልጆቹም ማታ እንዲሁ ይሁን። ደባሎቹ በመጀመሪያው እሑድ ይስማሙ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ስልክ ይዘጋል፣ ወሬ ይቀራል፣ ሁሉም ያጠናል። ከ3 ሰዓት በኋላ ይከፈታል። በየሳምንቱ አንዱ ልጅ ጠባቂ ይሁን። ብቻውን ራሱን የማይገዛ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲስማማ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ “መጥፎ ጓደኛ” እያላችሁ የምትፈሩት ጓደኛ ራሱ ጠባቂ ሊሆነው ይችላል።

ከእርሻና ከእረኝነት ሥራ ጋርም ውል ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ አባት ልጁን ሰኞም ያስቀሩታል። ታላቅ ከሆናችሁ ከአባታችሁ ጋር መነጋገር የእናንተ ድርሻ ነው፦ “ቅዳሜና እሑድ ይርዳችሁ፤ ሰኞ ጧት ግን ክፍል ይግባ” በሏቸው። የበጎቹንም እረኝነት ማን እንደሚረከብ ከመስከረም በፊት ወስኑ። ይህ ካልተወሰነ ልጁ በየሳምንቱ ይጠራል። ቤት ቀርታችሁ ያረሳችሁ፣ አዲስ አበባ በቀን ሥራ የምትደክሙ ታላላቆች “እኔ አልተማርኩ፣ ምን ልመክረው” አትበሉ። እረኝነቱን የተረከባችሁለት፣ የቤት ኪራዩን የላካችሁለት ልጅ ከእናንተ በላይ መካሪ የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስለ እህቶቻችን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ወንድምና እህት በአንድ ክፍል ተከራይተው ሲማሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ እሷ ውኃ ትቀዳለች፣ ሽሮ ትሠራለች፣ ትጠርጋለች፤ እሱ ያጠናል። በሴሚስተሩ መጨረሻ እሱ ያልፋል፣ እሷ ትዘገያለች፤ ከዚያ “ትምህርት አልሆነላትም” ይባላል። ያልሆነላት ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድም ሆይ፣ ሥራውን ሁለት ከፍለህ ቀን መድብላቸው፤ ሰኞና ረቡዕ እሱ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እሷ፣ አርብን ተጋግዘው። ይህን አንተ ካላዘዝከው ማንም አያዝዘውም።

ልጅቷ የምትከራይበት ቤት ሴት አከራይ ያለችበት፣ መጸዳጃው ከግቢ የማይወጣ ይሁን። በመንገድ ከጓደኞቿ ጋር ትጓዝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ችግር ቢገጥማት የምትነግራትን አንዲት መምህርት በመጀመሪያው ሳምንት ትተዋወቅ። የወር አበባዋ በየወሩ ከትምህርት እንዳያስቀራት የንጽሕና መጠበቂያውን ከስንቁ ጋር አብራችሁ ቋጥሩላት፤ የሚያፍር ሰው ካለ እናት ወይም እትዬ ታድርገው። የጋብቻም ነገር አለ። በፌዴራሉም ሆነ በክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ከዚያ በታች መዳር በወንጀል ያስጠይቃል። ሽማግሌ ሲመጣ ከአባትና እናት ፊት ቆሞ “አትዳርም፣ ትማራለች” ለማለት ከታላቅ ወንድም የሚበልጥ ድምፅ የለም።

አሁን ደግሞ አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር እንጨምር። ከየቀበሌው አንደኛ የወጡ ልጆች በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። ሁሉም አንደኛ ሊሆን አይችልም። በቀበሌው አንደኛ የነበረው 20ኛ ሲወጣ ይሰብረዋል፤ ቤት መጥቶ ለመናገር ያፍራል፤ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። ከመሄዱ በፊት ንገሩት፦ “ደረጃህ ይወርድ ይሆናል፤ አያስደንግጥህ።” አርብ ሲመጣም “ስንተኛ ወጣህ?” አትበሉት። “በዚህ ሳምንት ያልገባህ ምንድን ነው?” በሉት። ላልገባው ነገር መምህሩን ጠይቆ እንደሆነም ጠይቁት። የገጠር ልጅ መምህር መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል፤ ነውር እንዳልሆነ ከእናንተ ይስማ።

በመጨረሻ፣ ትምህርት ስለተቋረጠባቸው። መጀመሪያ ኮሮና ትምህርት ቤት አስዘጋ፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። በዚህ የተነሳ 17 እና 18 ዓመት ሞልቷቸው 9ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች አሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ከታናናሾች ጋር መቀመጥም አያሳፍርም። ታላላቆች፣ ልጁን ከመላካችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ መጽሐፎቹ ክፍል ውስጥ እንዳይቀሩ፣ ልጁ ይዟቸው ይመለስ። በቀበሌው ያለ አንድ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስቦ እንዲጠይቃቸው ለምኑት። ትምህርት ቤት ሲከፈት እነዚያ ልጆች የተዉትን አንስተው ይቀጥላሉ፤ ሌላው ከሀ ይጀምራል።

(ሙዚቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ይገባል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ብዙ ተናገርን፤ የማይረሱትን እንድገም። ክፍሉን ሄዳችሁ እዩ፤ የአከራዩን ስልክ ያዙ። የነደደ ከሰል ባለበት ክፍል አይተኛ። ስንቁን በቀን ከፍላችሁ ቋጥሩ። በየሳምንቱ መጽሐፉን አስከድናችሁ ጠይቁት። እንግሊዝኛንና ሒሳብን ከመስከረም ጀምሮ ይያዝ። ደባሎቹ የጥናት ሰዓት ይስማሙ። ለእህታችሁ የሥራ ክፍፍል አውጡላት፤ ያለ ዕድሜዋ እንዳትዳር ቁሙላት።

እናንተ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የምትገቡ ልጆችም እየሰማችሁን ነው። ታላቃችሁ ሳይጠይቃችሁ እናንተ ሂዱና ጠይቁት፦ “ጋሼ፣ እትዬ፣ አንተ በነበርክበት ጊዜ፣ አንቺ በነበርሽበት ጊዜ ምን ከበዳችሁ?” በሏቸው። የሚነግሯችሁን ጻፉት።

ታላላቆች፣ ምክራችሁን ለመስከረም አታቆዩት። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ከታናሻችሁ ጋር ተቀመጡ፤ የ8ኛ ክፍል መጽሐፉን አስከድናችሁ አንድ ገጽ ጠይቁት። ከዚያ ጀምሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)